ሁለት ብለሽ ጻፊ

የፋሻ ክፍሏን ነርስ በስሟ የሚጠራት ሰው አልነበረም። ለታካሚዎቿ ሲስተር ናት፤ ለባልደረቦቿ ግን፣ ባለችበትም በሌለችበትም፣ «ቀስ በቀስ» ናት። ሌላው ነርስ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ጨርሶ ሻይ ሊጠጣ የሚሄድበትን ሥራ እሷ ሦስት ሰዓት ትፈጅበታለች። የተረቱ እንቁላል በእግሩ ሄዶ ከግቢው ሲወጣ እሷ ገና ግራ እግር ላይ ናት እያሉ ይስቁባታል። እሷም አብራ ትስቃለች፤ ግን አትፈጥንም።

ወደዚህ ክፍል የመጣችው መርጣ አይደለም፤ ተቀጥታ ነው። በሠላሳ አንድ ዓመቷ ቀዶ ጥገና ክፍል ሳለች፣ ስሙ የገነነ አንድ ሐኪም ሆድ ሊሰፋ ሲል «ጎዝ ጎድሏል፣ ይቆጠር» ብላ ድርቅ አለች። ደም የሚመጠጥበት ጨርቅ ተቆጠረ፤ አንድ ጎድሎ ተገኘ፤ ከበሽተኛው ሆድ ወጣ። አንድ ሰው ከሞት ተረፈ ማለት ነው። ሐኪሙ ግን የተሳሳተን ሰው እንጂ ልክ የሆነን ሰው ይቅር የሚል አልነበረም። ወር ሳይሞላ ምድር ቤት ወዳለው የቆዳ ክፍል አወረዷት፤ መስኮቱ ከመንገደኛ እግር በቀር ምንም የማያሳይ ክፍል። ልክ የሆነ ቁጥር ምን እንደሚያስከፍል ያን ጊዜ ተማረች፤ ትምህርቱም ከሚገባው በላይ ገባት።

ምድር ቤት የጠበቋት በሽተኞች ጥቂት ነበሩ። በሽታው ከስንት ሺህ አንድ ሰው የሚያገኝ፣ በዘር የሚወረስ ነው። ቆዳን ከሥጋ አጣብቆ የሚይዘው ነገር ከእናታቸው ሆድ ጀምሮ ጎድሏቸዋል። ለሌላው ሰው መዳበስ የሆነው ለእነሱ መላጥ ነው። ካልሲ ይልጣቸዋል፣ ትራስ ይልጣቸዋል፣ የናፈቀ ዘመድ አቅፎ ይልጣቸዋል። ፕላስተር እዚያ ክፍል አይገባም፤ ሲነሳ ቆዳውን ይዞ ይነሳልና። አሮጌው ፋሻ ለብ ባለ ውሃ ይርሳል፣ እስኪለቅ ይጠበቃል፣ አልለቅ ያለው ይለመናል። ውሃ የቋጠረው በመርፌ ይፈስሳል። ከዚያ ቫዝሊን የጠጣ ጎዝ፣ በላዩ ለስላሳ ፋሻ፣ ጣት ከጣት እየተለየ፤ አለዚያ ጣቶቹ ተጣብቀው አንድ ይሆናሉ። ይህን በአንድ ሰዓት የሚጨርስ ሰው ምን ዘሎ እንደሄደ እግዜር ይወቀው።

ከታካሚዎቹ ሁሉ ሲስተር ልቧን የሰጠቻት «ዳኛዋ» ለሚሏት ልጅ ነበር። በአምስት ዓመቷ መጣች፤ በመጣች በሳምንቱ አልጋው ላይ ተቀምጣ ፍርድ መስጠት ጀመረች። «ዛሬ ቀኝ እግር አጥፍቷል፤ መጀመሪያ እሱ ይቅረብ» ትላለች። ቀኝ እግር ይቀርባል። ተራው ሳይደርስ የሚነካ ክንድ ካለ ይግባኝ ትጠይቅለታለች። ሐኪም ሲዘገይ ለምን እንደዘገየ ቃሉን ትቀበላለች። ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ፣ ሆዱ እየባባም ቢሆን፣ ይስቃል።

እናቷ ልብስ ሰፊ ናት። ልብሷን ሁሉ ስፌቱ ወደ ውጭ እንዲሆን አድርጋ ትሰፋላታለች፤ ክሩ ቆዳዋን እንዳይፈገፍጋት። መንገደኛ «ማሙሽዬ፣ ልብስህን ገልብጠህ ለብሰሃል» ሲላት ልጅቷ በመጀመሪያ ማሙሽ እንዳልሆነች ታስረዳለች፤ ቀጥላ ስለ ልብሱ ትሟገታለች። አባትየው፣ በሽታው ከሁለታችሁም እኩል የመጣ ነው ተብሎ በተነገረው ሳምንት፣ ድርሻውን ለእናትየው ትቶ ሄዷል።

ፋሻ በሚቀየርበት ጊዜ ሌሎች ወላጆች ኮሪደር ላይ ይቆማሉ። አንዳንዱ ጆሮውን ይዞ፣ አንዳንዱ እስከ አጥሩ ድረስ ሄዶ። ማንም አይፈርድባቸውም። ልብስ ሰፊዋ ግን አንድም ቀን ውጭ ቆማ አታውቅም። እጇን እስከ ክርኗ ታጥባ ትገባለች፤ የልጇን ተረከዝ በተዘረጋ መዳፏ ላይ ታስቀምጣለች። መጨበጥ ክልክል ነው፤ መሸከም ብቻ። ሦስት ሰዓት መዳፍ ዘርግቶ መቆም ምን እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ሦስት ደቂቃ ይሞክረው።

ዳኛዋ አሥራ አምስት ዓመት ሲሆናት የክፍሉ ኃላፊ፣ ፕሮፌሰሩ፣ አዲስ ቅጽ አወጡ። ፋሻ በተቀየረ ቁጥር ታካሚው ሕመሙን ከዜሮ እስከ አስር በቁጥር ይናገራል፤ ነርሷ ትጽፋለች። ዜሮ ምንም የለም፣ አስር ከዚህ በላይ የለም ማለት ነው። ጥሩ ሐሳብ ነበር። ፕሮፌሰሩ ያላሰቡት፣ እዚህ አካባቢ ጣራው የወደቀበትን ሰው እንደምን አደርክ ቢሉት ከፍርስራሹ ሥር ሆኖ ደህና ነኝ እንደሚል ነው።

ሲስተር ቅጹን ይዛ ጠየቀች። ዳኛዋ ዓይኗን ጣራው ላይ ተክላ «ሁለት» አለች። የላይኛው ከንፈሯ ላይ ላብ ነበር፤ መንጋጋዋ ተቆልፏል። ያን ያህል ዘመን ቁስል ያጠበች ሴት ሁለት ምን እንደሚመስል ታውቃለች፤ ይሄ ሁለት አልነበረም። ቅጹ ግን ታካሚው ያለውን ጻፊ ነው የሚለው፤ ጻፈች። እናትየው በሲስተር ትከሻ በኩል አሻግራ አየች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ቁጥር አያመልጣትም። ይዛው የነበረው ትንፋሽ በረጅሙ ወጣ።

ቆይታ እናትየው ፋሻ የራሰበትን ሳፋ ልትደፋ ስትሄድ ዳኛዋ ፊቷን ወደ ሲስተር መለሰች።

«ዘጠኝ ነው» አለች በሹክሹክታ። «አንቺ ግን ሁለት ብለሽ ጻፊ። እማ ታነበዋለች።»

ሲስተር እሺ አለች። ደግነት መስሏት ነው። ደግሞም ከጎዙ ወዲህ በቁጥር ጉዳይ ክርክር አትወድም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማክሰኞና ዓርብ፣ እናትየው ፊት ሁለት ይባላል፣ ሁለት ይጻፋል፤ ሳፋው ሲወጣ እውነተኛው ቁጥር በሹክሹክታ ይነገራል። እውነተኛውን ሲስተር የትም አልጻፈችውም። በራሷ ጆሮ ብቻ ነበር የሚቀመጠው።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ቅባት መጣ። ሊሞከር ነው ተባለ፤ ዘጠኝ ታካሚዎች ተመረጡ፣ ዳኛዋ አንዷ ሆነች። ቅባቱ ጠረኑ እንደ አሮጌ ጎማ ነበር፤ ግን ሠራ። ቁስሉን አልዘጋም፤ ሕመሙን ነበር የሚያበርደው። በሦስተኛው ሳምንት ሳፋው ሲወጣ ዳኛዋ «አራት» አለች፤ ራሷም ያመነችው አትመስልም ነበር። ፋሻዋ እየተቀየረ ሬዲዮ አዳመጠች። አንድ ቀን ጭራሽ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ሲስተር ልጅቷ ሞተች ብላ ደንግጣ ጎዙን ጣለችው። አሥራ አራት ሳምንት እንዲህ ሆነ።

ከዚያ ውጤቱ ተሰላ። የቁስሉ ስፋት፣ ለውጥ የለም። የሕመሙ ቁጥር፣ ሲጀመር ሁለት፣ ሲያልቅም ሁለት፤ ለውጥ የለም። ቁጥር ሲጠየቅ ዘመድ ከኮሪደር ይገባ ስለነበር የሌሎቹ ስምንትም ከዚህ አልራቀም። ሁለት ላይ የቆመ ሰው ወዴት ይወርዳል? ቅባቱ አይረባም ተብሎ ጥናቱ ተዘጋ፤ የተረፈውም ተሰብስቦ ተመለሰ። ሲስተር የዚያን ዕለት ወደ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ሄደች። በሩ ድረስ ሄዳ፣ እጇን ለማንኳኳት አንስታ፣ መዝገቡን አበላሽተሻል ቢሏት፣ ከዚህ ምድር ቤት ደግሞ ወዴት እንደሚያወርዷት እያሰበች ተመለሰች። ፈሪ ነበረች። ይሄን ሌላ ስም ልንሰጠው አንችልም። ለዳኛዋ ነገሩን ስትነግራት ልጅቷ «በራሴ ላይ ፈረድኩ ማለት ነው» አለች፤ ከዚያ ቀኝ እግር ይቅረብ አለች።

ዳኛዋ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ሞተች። ቁስሉ መርዞ ደሟ ውስጥ ገባ፤ አራት ቀን ነበር የፈጀው። ሐዘን ሊደርሱ የሄዱት የሆስፒታል ሰዎች ሲወጡ ልብስ ሰፊዋ ሲስተርን እጇን ይዛ አስቀረቻት። የስፌት መኪናዋ ላይ ጨርቅ ጣል ተደርጎበታል። ብዙ ነገር ተናገረች፤ ብዙው ያለቀሰ ሰው ሁሉ የሚለው ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው ግን ሲስተርን እስከ ዛሬ ያልለቀቃት ነው።

«በሁሉ ነገር ተሸንፌያለሁ። በአንድ ነገር ግን ልቤ አርፏል። ይሄ እጄ አላሳመማትም። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ይዤያት ሁለት ነው ያለችው። አንቺው ነሽ የጻፍሽው።»

«አዎ» አለች ሲስተር። ሌላ ምን ትበል?

ሁለት ዓመት አለፈ። እንግዲህ አንድ ስብሰባ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የዚህ በሽታ ሐኪሞች ለብዙ ዘመን መድኃኒት ሲሞክሩ አንዱ በክንድ ሌላው በስንዝር ሲለኩ ኖረዋል። አንዱ ቁስል ይቆጥራል፤ ሌላው በማስመሪያ ስፋቱን ይለካል፤ ሦስተኛው ያለቀውን ፋሻ ይመዝናል። የአንዱ ውጤት ከሌላው ጋር አይደመርም፤ መድኃኒቱም በመካከል ይቀራል። ስለዚህ ከእንግዲህ የትኛውም ጥናት የግድ የሚለካቸውን ነገሮች በአንድ ድምፅ እንወስን ተባለ። ሰማንያ ሦስት ነገር ተዘርዝሮ በደብዳቤ ዞረ፤ እየተጣለ እየተጣለ አሥራ ሁለት ቀረ። ከአሥራ ሁለቱ ሰባቱን ለመምረጥ ሃያ ሰዎች ተጠሩ፤ ግማሹ ሐኪምና ነርስ፣ ግማሹ ታካሚና ዘመድ። አረንጓዴ ካርድ ይለካ፣ ቀይ ይቅር ማለት ነው፤ ከሃያው አሥራ አራት አረንጓዴ ያላገኘ ነገር ይወድቃል። የወደቀውን ማንም ለመለካት አይገደድም፤ ያልተለካውን ደግሞ ማንም አያክመውም።

ሲስተር ተጠራች። ልብስ ሰፊዋም በእናትነቷ ተጠራች። ሲስተር ከመግባቷ በፊት ሹራቧን ስታስተካክል ልብስ ሰፊዋ ከኋላ መጥታ ኮሌታዋን አቃናችላት። አጠገብ ለአጠገብ ተቀመጡ።

ቁስል መዝጋት አለፈ። ማሳከክ አለፈ። የእጅ ጣቶች መጣበቅ አለፈ። ስድስተኛው «ፋሻ ሲቀየር የሚሰማ ሕመም» ነበር። ፕሮፌሰሩ ግድግዳው ላይ ሥዕል አበሩ፤ ዘጠኝ ሰዎች፣ አሥራ አራት ሳምንት፣ ከታች በኩል ተጋድሞ የሚሄድ አንድ መስመር። ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ያዩትን ነው የተናገሩት። በራሳቸው መዝገብ መሠረት ይህ ሕመም ከመነሻው ዝቅተኛ ስለሆነ ቢለካም ለውጥ አያሳይም፤ ከሰባቱ ቦታ አንዱን ለእሱ ማባከን ያሳዝናል አሉ። ከዘመዶቹ ወገን ጉርምርምታ ተነሳ። መንታ ልጆች ያሉት አንድ የአውቶቡስ ሹፌር እንዴት ያለ ነገር ነው ብሎ ከመቀመጫው ብድግ ማለት ጀመረ።

ያን ጊዜ ልብስ ሰፊዋ እጇን አወጣች። ልጇን እንደቀበረች ሁሉም ስለሚያውቅ ጸጥ አሉ። እሷም በለሰለሰ ድምፅ ተናገረች። ሰው እንደሚያስበው አይደለም አለች፤ በቀስታ ከተሠራ፣ የሚይዘው እጅ የእናት ከሆነ፣ ያን ያህል አያምም፤ የእሷ ልጅ አንድም ቀን ከሁለት በላይ ብላ አታውቅም፤ ቦታው ልጇን ለገደላት ለቁስል መመረዝ ቢሰጥ ትመርጣለች። ሹፌሩ እያዳመጠ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «እውነት ነው፣ የእኔዎቹም ሦስት ነው የሚሉት» አለና አረንጓዴውን ካርድ ጠረጴዛው ላይ ገልብጦ አስቀመጠው። ከጎኑ ያሉ ሁለት ሰዎችም ቀዩን አነሱ።

ሲስተር የሹፌሩን መንትዮች ታውቃቸዋለች። አምስት ዓመታቸው ነው። አባታቸው ክፍሉ ውስጥ ሲሆን ሦስት ይላሉ፤ ውጭ ሲሆን ቁጥር አይሉም፤ ይጮሃሉ። ቅጹን የምትሞላው እሷ ናት። በገዛ እጇ የጻፈችው ቁጥር ግድግዳው ላይ በርቶ፣ ልጅ የቀበረች እናት ከጎኗ ምስክር ቆማለት፣ ሕመሙ ከዚህች ክፍል እንደሌለ ነገር ተሰርዞ ሊወጣ ነው። ዝም ብትል እናትየው ያላት አንድ ዕረፍት ይተርፍላታል። ብትናገር ይወሰድባታል። ሁለቱን ማትረፍ አይቻልም ነበር፤ ሲስተር ብዙ ብታስብም አላገኘችውም።

ቆመች። እንድትናገር ተፈቀደላት።

«ያ መስመር ሐሰት ነው» አለች። «የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ምን ማለትዎ ነው፣ የተጻፈ ማስረጃ አለዎት ወይ ብለው ጠየቁ። ማስረጃ እንደሌላት፣ የተጻፈው ይኸው ያሳዩት ብቻ እንደሆነ ነገረቻቸው። ልጆቹ ቁጥሩን የሚናገሩት ለነርሷ ሳይሆን ለሚይዛቸው ሰው እንደሆነ፣ ዘመድ ሲወጣ ቁጥሩ ሌላ እንደሆነ፣ ይህን ስድስት ዓመት ሙሉ እንደምታውቅ፣ ቅባቱ ሲዘጋም እንዳወቀችና ዝም እንዳለች አንድ በአንድ ተናገረች። በሥራዋ እንደምትዘገየው በንግግሯም ዘገየች፤ ማንም አላጣደፋትም። እናትየውን ግን አላየቻትም። ማየት አልቻለችም።

«ስንት ነበር?»

የጠየቀችው ልብስ ሰፊዋ ናት። ድምፁ ከጎኗ መጣ፤ ልኬት የሚጠይቅ ሰው ድምፅ ነበር። አምስት ብትል ማንም አይይዛትም። አምስት እናት ልትሸከመው የምትችል ቁጥር ነው፤ ለካርዱም ይበቃል። የሲስተር አፍ አምስት ሊል ተዘጋጅቶ ነበር።

«ዘጠኝ» አለች። «አንዳንዴ አስር።»

ሰብሳቢዋ ዕረፍት እንውሰድ ወይ ብላ ጠየቀች። ድምፅ ይሰጥ ተባለ። ሹፌሩ ፊቱን በአንድ እጁ ሸፍኖ በሌላው አረንጓዴውን አነሳ። አሥራ ሰባት ሆነ። ተቆጥሮ፣ ተመዝግቦ፣ ሁሉም ካርዱን ካወረደ በኋላ የልብስ ሰፊዋ ክንድ አረንጓዴውን ይዞ እንደተነሳ ቀረ። አጠገቧ የነበረች አንዲት ወጣት ሐኪም ክንዷን ይዛ ቀስ ብላ አወረደችላት። ፕሮፌሰሩ ለሲስተር ነገ ጠዋት ያሉትን ሁሉ በጽሑፍ ያምጡልኝ አሏት። በትሕትና ነው ያሏት፤ በትሕትና የተባለ ነገር ወዴት እንደሚሄድ እሷ ታውቃለች።

ስብሰባው ሲበተን ልብስ ሰፊዋን ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ አገኘቻት፤ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛ ከግድግዳው ጋር ቆማለች። ሲስተር አጠገቧ ቆመች። የምትለውን በልቧ አዘጋጅታ ነበር። እጅሽ አይደለም፤ ምንም ዓይነት እጅ ቢሆን ያማት ነበር፤ አንቺን እንዳይከፋሽ ብላ ነው የደበቀችሽ፤ ስለወደደችሽ ነው አለቻት። ሰው የሚለው ይሄንኑ ነው።

ልብስ ሰፊዋ ጭንቅላቷን ነቀነቀች።

«እንዳይከፋኝ ብላ አይደለም። ልጄን እኔ አውቃታለሁ፤ እሷም እኔን ታውቀኛለች» አለች። «ፋሻ ሲቀየር ኮሪደር ላይ ከሚቆሙት ጋር እንዳልቆም ነው። ዘጠኝ ብላኝ ቢሆን ኖሮ እወጣ ነበር፣ ሲስተር። በሁለተኛው ቀን እወጣ ነበር።»

ልብስ ሰፊዋ ይህን ብላ ደረጃውን ብቻዋን ወረደች፤ ሲስተርም አልተከተለቻትም። ማግስቱ ማክሰኞ ነበር፤ የሹፌሩ መንትዮች በሁለት ሰዓት ተራ ይዘዋል።